ሦስተኛ ቀሪ

ብርነሽ ታደሰ በነርስነት ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ከሆስፒታል ልምምድ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ሦስተኛ ከቀረች ዓመቱን ትደግማለች። ደንቡ ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ የተቆጣጣሪው መምህር የኒቆዲሞስ ፊርማ አለ። ኒቆዲሞስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ መዝገቡን ያጥፋል። እናቱ ብትሞት እንኳ መጀመሪያ መዝገቡን አጥፎ ነው የሚያለቅሰው ይላሉ ተማሪዎቹ።

ሁለቱም ቀኖች የጠፉት በሥራ ፍለጋ ነው።

እስከ አምና ድረስ የኮሌጁን ክፍያ የሚችልላት ታላቅ ወንድሟ ኤርሚያስ ነበር። በጥር አገባ። ያገባ ወንድም ለእህቱ የሚተርፈው ምክር ነው። ስለዚህ ብርነሽ እስከ ሰኔ፣ የመውጫ ፈተናውን እስክትወስድ ድረስ የሚያቆያት ጊዜያዊ ሥራ አስፈለጋት። ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ስለምትውል ሥራው ከሰዓት በኋላ መሆን ነበረበት። ሐረር ውስጥ ደግሞ ከሰዓት ማለት በርጫ ማለት ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግማሹ ከተማ ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሰዓት የሚሠራ ቀጣሪ ማግኘት አለበት።

መጀመሪያ የሄደችው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ጠየቋት። ገና ተማሪ መሆኗን፣ የምትፈልገውም የሦስት ወር ሥራ ብቻ መሆኑን ነገረቻቸው። ጸሐፊዋ አዘነችላት። ለሦስት ወር ሥራም ቢሆን የሁለት ዓመት ልምድ እንደሚያስፈልግ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

ቀጥላ ፈረስ መጋላ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ጠየቀች። ባለቤቱ ዮሐንስ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ከሰዓት ብትሠራለት ደስ እንደሚለው ነገራት። ለሙከራ ግን አንድ ጠዋት መጥታ እንድትታይ ፈለገ፤ ከሰዓት እሱ ራሱ ስለማይኖር የሚያያት ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት ሄደች። መደርደሪያ ወለወለች፣ ካርቶን አወረደች፣ ለሦስት ሰዎች የራስ ምታት ክኒን ሸጠች። ስድስት ሰዓት ላይ ዮሐንስ እጅሽ ንጹሕ ነው ብሎ አመሰገናትና የእህቱን ልጅ እንደቀጠረ ነገራት። የእህቱ ልጅ የተቀጠረችው ሰኞ ነበር። የመጀመሪያው ቀሪ ይህ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ጀይላን የሚባል ነጋዴ ክሊኒክ ሊከፍት ነው ተብሎ ተወራ። ብርነሽ አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ሄደች። ሰውዬው ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ነበር፤ ምርቃናው ጣሪያ ነክቷል። አስቀመጣት፣ ሻይ አስመጣላት፣ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረውን ሕንፃ ፎቅ በፎቅ አስጎበኛት። የአምቡላንሱን ቀለም እንድትመርጥ ጠየቃት። ዋና ነርስ አድርጎ ሾማት። ጓደኞቹ መሽአላህ አሉ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥታ ውል እንድትፈርም፣ ዋላሂ ብሎ ማለላት።

ሐረር ያደገ ሰው በምርቃና የተገባ ቃል ሌሊቱን እንደማያድር ያውቃል። ብርነሽም ታውቃለች፤ አራተኛ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። ግን የጨነቀው ሰው የሚያውቀውን ይረሳል። ጠዋት ሄዳ ደጁ ላይ ቆመች። ጀይላን እስከ አራት ሰዓት ተኛ። ፊቱን እየጠራረገ ሲወጣ አያት፤ የውሃ ቆጣሪ ልታነብ መጥታ እንደሆነ ጠየቃትና ቆጣሪው ያለበትን ጥግ አሳያት።

ሥራው የመጣው ፍለጋውን ከተወች በኋላ ነው። ፈይሰል የሚባል የአርባ ዓመት ሰው የታመሙ እናቱን ከሰዓት ከሰዓት የሚንከባከብለት ተማሪ እንዳለ ሆስፒታሉን ጠየቀ። የክፍሉ ኃላፊ ብርነሽን ጠቆመችው።

የፈይሰል እናት እማማ ዋፊቃ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙ በማይርቅ ቤታቸው፣ ከነደባ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለ፣ ምንጣፍ የለበሰ ከፍ ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው፤ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ በቤቱ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ወስደው በቀዶ ሕክምና ብረት አስገቡላቸውና መልሰው አመጧቸው። ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ፤ ከፍ ያለ ቦታ እንዳይወጡ፣ በየቀኑም ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያውን ይዘው እንዲራመዱ። እሳቸው ሁለቱንም በኋላ እናያለን አሉ።

ፈይሰል ሥራውን ሲያስረዳ ቀላል አደረገው። ቁስሉን ማጽዳት፣ ክኒኑን በሰዓቱ መስጠት፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ማራመድ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። እናቱ ራሳቸውን ችለው እስኪሄዱ ድረስ። ብርነሽ እዚያው ተስማማች።

ስለ አፎቻ ማንም አልነገራትም።

አፎቻ የሐረሪዎች የለቅሶና የሰርግ ማኅበር ነው። ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ዕድር መዋጮህ ሲደርሰው ዝም ይልሃል፣ አፎቻ ግን ሰውነትህን ይፈልጋል። መጥተህ መቀመጥ አለብህ። እማማ ዋፊቃ በሴቶቹ አፎቻ አርባ አምስት ዓመት ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ተኝተው ሳለ ሁለት ለቅሶ አለፋቸው፤ ተወካይ ባለመላካቸው ሁለት ጊዜ ቀሪ ተብለው ተጻፉ። ሦስተኛ ከቀሩ ስማቸው ይሰረዛል። የፈይሰል ሚስት የሌላ አፎቻ አባል ናት፤ የአንድ ሰው እግር በሁለት አፎቻ አይቆጠርም። ፈይሰል ወንድ ነው።

ሥራ በጀመረች በአራተኛው ቀን እማማ ዋፊቃ አንድ ነገር ለመኗት። ከጎረቤት ለቅሶ አለ፤ ሄዳ ዋፊቃ አልጋ ላይ ናት ብላ ብቻ እንድትመለስ። አምስት ደቂቃ ነው አሉ። ብርነሽ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች።

በር ላይ የተቀበሏት እትዬ ሰልማ ናቸው። እትዬ ሰልማ የአፎቻው ኃላፊ ናቸው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አራተኛ ክፍል አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። የአባላቱን ስም የሚይዙት ባለ መስመር ደብተር ላይ ነው፤ የመጣ ራይት፣ የቀረ ኤክስ። መልእክቷን ሰምተው ሲጨርሱ ለቅሶ ቤት መጥቶ ቆሞ የሚመለስ የለም ብለው በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ አስቀመጧት። አምስቱ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፋቲሓ ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ብርነሽ ሌሎቹ አሚን ሲሉ አሚን አለች። ስትወጣ ደብተሩን አየችው። በእማማ ዋፊቃ ስም ትይዩ ራይት አለ።

አሚና የሚባሉ ሴትዮ ተቃውመው ነበር። ልጅቷ የአፎቻው አይደለችም፣ ሐረሪም አይደለችም፣ ሃይማኖቷም ሌላ ነው አሉ። እትዬ ሰልማ ደብተሩን ሳይለቁ መለሱ።

«የሚቆጠረው የዋፊቃ እግር ነው። እግሩ የማን እንደሆነ ደንባችን አይናገርም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልለመናትም፤ ላኳት። በአምስት ሳምንት አራት ለቅሶና አንድ ሰርግ ተቀመጠች። ሰርጉ ላይ ሽንኩርት ላጠች። ለቅሶው ላይ ነርስ መሆኗ ታወቀና ከዱዓው በኋላ ክንዳቸውን እየገለጡ ግፊት ለኪልኝ የሚሉ መጡ፤ ኮሌጁ ያስገዛትን ባለ ባትሪ መለኪያ ቦርሳዋ ውስጥ መያዝ ለመደች። ከበሩ አጠገብ ወደ አንደኛው ነደባ ከፍ አደረጓት። ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ዋፊቃ ቤታቸው ውስጥ በአንድ ጎናቸው ተኝተው ነበር። በሽተኛ እንድታገላብጥ የተቀጠረች ነርስ በሽተኛዋን ሳታገላብጥ በበሽተኛዋ ፈንታ ለቅሶ ትቀመጣለች። ለፈይሰል ነገረችው። እናቱን ማስደሰትም ሕክምና ነው አላት።

የቀረውን ሰዓት በጉልበት ሠራችበት። እማማ ዋፊቃ መራመድ አይወዱም። ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ይወጋቸዋል፣ መደገፊያው ይቀዘቅዛል፣ ግቢው ያንሸራትታል። ጎረቤት ድምፁ ከተሰማ ወዲያው ይቀመጣሉ። ብርነሽ ትጠብቃለች፣ ድምፁ ሲያልፍ ታስነሳቸዋለች። ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር። በአምስተኛው ሳምንት እማማ ዋፊቃ ግቢውን አራት ጊዜ ዞሩ። ለማንም እንዳትናገር አስማሏት።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ሦስት ቅያስ ወደ ውስጥ የሚኖረው የጨርቅ ነጋዴው የሙሜ ሚስት አርፋለች። ቀብሩ ረቡዕ ጠዋት ነው። እትዬ ሰልማ ሴቶቹ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሙሜ ቤት እንዲገኙ፣ እስከ ቀትርም እንዲቀመጡ አዘዙ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት የብርነሽ የመጨረሻ የተግባር ምዘና ነበር። ኒቆዲሞስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥፎታል። ለእማማ ዋፊቃም ነግራቸዋለች፤ ሦስት ጊዜ።

እማማ ዋፊቃ ስልኩን ዘግተው ወደ ልብስ ሳጥኑ ጠቆሟት። ጥቁሩ ሻርፕ ከላይ መሆኑን፣ ነጠላ ለቀብር ቀን እንደማይሆን ነገሯት። ትሄድ እንደሆነ አልጠየቋትም።

ብርነሽ ክኒናቸውን ሰጠቻቸው። ውሃውን እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ነገ እንደማትሄድ ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜ እንደቀረች፣ ነገ ከቀረች አንድ ዓመት እንደምትደግም፣ ለመድገም ደግሞ አቅም እንደሌላት፤ ስለዚህ መድገም ማለት ማቆም መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳች። እማማ ዋፊቃ መምህሩን ማን ያውቀዋል ብለው ጠየቁ። ማንም አያውቀውም። አባቱ የማን ልጅ ነው? እሱም አይታወቅም። ፈይሰል ሄዶ ያናግረው። አይሆንም።

እማማ ዋፊቃ ጎናቸውን ይዘው ትንሽ አቃሰቱ፤ ብርነሽ ወደ ጎናቸው አልተመለከተችም፣ የሚያማቸው ሌላኛው ጎን ነው።

«አርባ አምስት ዓመት የሰው ለቅሶ ተቀምጫለሁ» አሉ። «ነገ ስሜ ቢሰረዝ፣ እኔ ስሞት ማን መጥቶ ይቀመጥልኛል? አንቺ ብቻሽን?»

«ራስዎ ይሂዱ።»

እማማ ዋፊቃ በትራሱ ላይ ቀና አሉ።

«ከዚህ እስከ ሙሜ ቤት መቶ አርባ እርምጃ ነው» አለች ብርነሽ። «በዚያ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ ቆጥሬዋለሁ። ግቢውን አራት ጊዜ ሲዞሩ መቶ ስልሳ ይሆናል። እሑድ ዞረዋል። ሰኞም ዞረዋል።»

«እሱ ግቢ ነው። መንገዱ ድንጋይ ነው።»

«ፈይሰል ከጎን ይይዝዎታል።»

«ሰው ያየኛል።»

ብርነሽ መጀመሪያ አልገባትም። አምስት ሳምንት ሙሉ የፈሩት መውደቅ መስሏት ነበር።

«ያንን ብረት ይዤ በፈረስ መጋላ ሰው ሁሉ ፊት እንደ ፍየል በአራት እግር ልሂድ?» አሉ እማማ ዋፊቃ።

«ፈረስ መጋላ ምን አገናኘው? ሦስት ቅያስ ነው።»

«ሦስት ቅያስ ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ብርነሽ ቦርሳዋን አነሳች። አራት ለቅሶ፣ አንድ ሰርግ፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፤ ይህ ሁሉ ሴትዮዋ ብረት ይዘው መታየት ስላፈሩ ነው።

«እማማ፣ እትዬ ሰልማ ደብተር ላይ የእግር ቁጥር አይጽፉም» አለች። «ያለው ራይትና ኤክስ ነው። በሁለት እግር የሚቀሩትን ኤክስ ይሏቸዋል፣ በአራት እግር የሚመጡትን ራይት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ ይብሉ፤ ክኒኑ ባዶ ሆድ አይወድም።»

መደገፊያውን አልጋው አጠገብ፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አቁማ ወጣች። እማማ ዋፊቃ ደህና እደሪ አላሏትም።

ረቡዕ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስልኳ ሰባት ጊዜ ጠራ። ሰባቱም እትዬ ሰልማ ናቸው። በስምንተኛው አጠፋችው። ሁለት ሰዓት ላይ ኒቆዲሞስ ስሟን ጠራ፤ አለሁ አለች። ድምጿ ከፍ ስላለ ቀና ብሎ አያት። ለምዘናው እግሩ የተሰበረ የባቢሌ ገበሬ ደረሳት፤ ከአልጋ ወርዶ እንዲቆም አድርጊ ተባለች። ገበሬው እንደማይችል ነገራት። ዛሬ ሳይሆን ነገ እንደሚሻል ነገራት። ራሱን እንደሚያዞረው ነገራት። ብርነሽ ሁሉንም ሰምታ ጨረሰች፤ ክርክሩን ታውቀዋለች፤ እየሰማችው ሳለ እግሩን አውርዳ ነበር። ሰውዬው ሳያውቀው ቆሞ ተገኘ። ኒቆዲሞስ አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ። እሱ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጀጎል ደረሰች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። የውጭው በር ክፍት ነው፣ ግቢው ባዶ ነው፣ አልጋው ባዶ ነው። መደገፊያውም የለም። መጀመሪያ የመጣላት ሀሳብ ሆስፒታል ነው። ሮጣ ስትወጣ ከፈይሰል ጋር ቅያሱ ላይ ተጋጩ። ፊቱ በላብ ርሷል።

እናቱ ሙሜ ቤት ናቸው። ከአንድ ሰዓት ከሃያ ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ፤ መቶ አርባውን እርምጃ በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሱት። ሦስት ቦታ ቆመዋል። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ብረቱን ረገሙ፣ ሁለተኛው ላይ ብርነሽን፣ ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት ከመስኮት ሆና መሽአላህ ዋፊቃ ስትላቸው ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡ። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ነደባ አልወጣም፣ ሐኪም ከልክሎኛል ብለው ለሰው ሁሉ ተናገሩ፤ ወንበር ተጠየቀላቸው። አሁን ወንበሩ ላይ ሆነው ከሁሉም ከፍ ብለዋል። ቤት እንመለስ ቢላቸው እምቢ ብለዋል። ልጅየዋ ከመጣች እንድትጠብቀኝ ንገራት፣ ሁለተኛ ግን እንዳትቆጣኝ ብለዋል።

ፈይሰል ይህን ሁሉ እየሳቀ ነገራት። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና ምስጋና ጀመረ፤ ብርነሽ የምስጋናውን ዓይነት ከዮሐንስ መድኃኒት ቤት ታውቀዋለች። ጎበዝ መሆኗን፣ እጇ የተባረከ መሆኑን ተናገረ። እናቱ ራሳቸውን ችለው እስኪሄዱ ተባብለው እንደነበር አስታወሳት። ይኸው ሄዱ። ሥራው አልቋል። የሠራችበትን እዚያው ቆሞ ሰጣት፤ አንድም አላጎደለም።

ሥራውን ባትሠራው ኖሮ ሥራው አያልቅም ነበር። ይህን ለማንም መናገር አይቻልም። ብርነሽ እማማ ዋፊቃን ሳትጠብቅ ወደ ሸዋ በር ወረደች። መውጫ ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ባጃጅ እየጠበቀች ስልኳን ከፈተች። ወዲያው ጠራ።

እትዬ ሰልማ ናቸው።

«ዛሬ ቀርተሻል።»

ብርነሽ በትዕግሥት አስረዳች። ምዘና ነበረባት። እማማ ዋፊቃ ደግሞ ራሳቸው መጥተዋል፤ የእሳቸው እግር በራሳቸው እግር ተቆጥሯል። እሷ ተወካይ ነበረች። የተወከለው ሰው ሲመጣ ተወካይ የለም።

«ዋፊቃ ለራሷ መጣች፤ ራይት አግኝታለች» አሉ እትዬ ሰልማ። «እኔ የምለው ስለ አንቺ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስምሽ ደብተሩ ላይ አለ።»

«ማን ጻፈው?»

«አራት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይጻፋል። ዛሬ አሚና ይሰረዝ፣ ሥራዋ አልቋል አለች። ዋፊቃ እንቢ አለች። ቀረች ብለሽ ጻፊባት አለች። ጻፍኩ።»

ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ብርነሽ እጇን አወዛውዛ አሳለፈችው። የመጀመሪያ ቀሪ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ሰልማ ለሌሎቹ ድስት ማጠብ እንደሆነ፣ ለእሷ ግን የተለየ መወሰኑን ነገሯት። ዓርብ ከስምንት ሰዓት በኋላ መለኪያዋን ይዛ መጥታ የአባላቱን ሁሉ ግፊት ትለካለች።

«ስንት ናችሁ?»

«ስልሳ ሁለት። ከአንቺ ጋር ስልሳ ሦስት፤ አንቺ የራስሽን ቤትሽ ለኪ።»

እትዬ ሰልማ ደብተር ሲያገላብጡ በስልኩ ውስጥ ተሰማ።

«ሌላም አለ» አሉ። «የአሚና ባል ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወር ሆኖታል። ከሰዓት የሚያገላብጠው ሰው ይፈልጋሉ። አሚና ራሷ ልትጠይቅሽ አፍራለች፤ ጠዋት ይሰረዝ ስትል ውላ። አንቺም ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ፣ እሷም ዝም ብላ ትቀጥርሻለች። ግን ቅጣት ያለበት ሰው የአባል ቤት ገብቶ አይሠራም። መጀመሪያ ዓርብ።»

ስልኩ ተዘጋ። ብርነሽ ግንቡ ሥር ቆማ አሰበች። ስልሳ ሁለት ክንድ፣ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ እጅጌ መሰብሰቢያውን ሳይጨምር። አሥሩ ደግሞ ድገሚልኝ ብለው ሁለቴ ይሰለፋሉ፣ ታውቃቸዋለች። ስለ አሚና ባል ማሰብ አልፈለገችም፤ እሱም በደንብ ከተገላበጠ ይድናል።

የመለኪያው ባትሪ እሑድ ዕለት መድከም ጀምሮ ነበር። ወደ ፈረስ መጋላ ተመልሳ ወጣች። ባትሪ የሚሸጠው ሱቅ ከዮሐንስ መድኃኒት ቤት አጠገብ ነው። የእህቱ ልጅ ባንኮኒው ላይ ራሷን አስደግፋ ተኝታለች፤ በሩ ላይ ደግሞ ሠራተኛ እንፈልጋለን የሚል አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ጠዋት ብቻ ይላል።

ብርነሽ አራት ባትሪ ገዝታ ሄደች።